ግብረ ሰዶም፣ ኃጢአትና የእግዚአብሔር ፍቅር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ላይ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር በብጣሽ ወረቀት፣ በስልክ፣ ከጉባኤ በኋላም በሹክሹክታ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ጉዳይ የምታስተምረው ምንድን ነው?

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም ምሥጢር ነው። ከዚያ ውጭ የሚደረግ ሩካቤ ሁሉ ኃጢአት ነው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚያደርጉትም እዚያው ውስጥ ይገባል። እኔ የማስተምረው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐረር ያሉ ካቶሊኮችም ሆኑ ድሬ ያሉ ወንጌላውያን ግን በዚህ ነጥብ ላይ ከእኛ የተለየ አያስተምሩም።

ብዙዎቻችን የምንሰማው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። ይሄ ደግሞ የትምህርቱ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሮሜ 5፥8 ላይ አለ፦ «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና እግዚአብሔር ለእኛ ያለውን የራሱን ፍቅር ያስረዳል።» «ገና ሳለን» ነው የሚለው። ከተስተካከልን በኋላ አላለም። ሁለቱን አንድ ላይ ያልያዘ ሰው ወንጌልን ይዟል ለማለት ይከብደኛል።

መጽሐፍ ቅዱስ የት የት ላይ ይናገራል?

ብዙ ቦታ አይደለም። ዋነኞቹ ዘሌዋውያን 18፥22 እና 20፥13፣ ሮሜ 1፥26-27፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9-10፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10 ናቸው። ጌታችን ደግሞ በማቴዎስ 19 ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ ወደ ፍጥረት መጀመሪያ ይመለሳል። ወንድና ሴት አድርጎ እንደፈጠራቸው፣ ሁለቱም አንድ ሥጋ እንደሚሆኑ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን የምትተክለው በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

ጥቅሶቹን ስታነብ ግን አደራ፣ መሀል ላይ አታቁም። ሮሜ ምዕራፍ 1 ከዝሙቱ በኋላ ዝርዝሩን ይቀጥላል። ቅናት አለ፣ ነፍስ መግደል አለ፣ ሐሜት አለ፣ ለወላጅ አለመታዘዝ አለ፣ ምሕረት ማጣት አለ። ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ስንት ሰው እንደምናነሳና እንደምንጥል እናውቃለን። ምዕራፍ 2 የሚጀምረው ደግሞ እንዲህ ብሎ ነው፦ «ስለዚህ፥ አንተ የምትፈርድ ሰው ሁሉ ሆይ፥ የምታመካኘው የለህም።» ጳውሎስ አንባቢውን «እሰይ! ንገርልኝ!» እያሰኘ አምጥቶ ድንገት ወደ ራሱ ይመልሰዋል። 1ኛ ቆሮንቶስ 6ም እንደዚያው ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሌቦች፣ ሰካሮችና ተሳዳቢዎች አሉ። በዚህ ጥቅስ ሰውን የሚሰድብ ሰው የራሱ ስም እዚያው መስመር ላይ እንደተጻፈ ልብ አይልም።

የሰዶም ኃጢአት ይሄ ብቻ ነበር?

አይደለም። ዘፍጥረት 19ን ቀስ ብለህ አንብበው። ሎጥ እንግዶች አሳደረ። የከተማው ሰው ቤቱን ከብቦ እንግዶቹን በግድ ሊደፍር መጣ። ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 7 ላይ ዝሙታቸውን ያነሳል። ሕዝቅኤል 16፥49-50 ደግሞ ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ የድሃን እጅ አለማበርታትን ከርኩሰታቸው ጋር አንድ ላይ ይቆጥራል።

ይህን ለድሬ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ናት። ከየትም የመጣ እንግዳ ነው የገነባት። «ድሬ እንግዳ አትገፋም» እያልን እንኮራለን። ታዲያ ሕዝቅኤልን ስናነብ ከመንገድ ዳር የሚያድረውን ልጅም፣ ከሰፈር የተገፋውንም ልጅ ማሰብ አለብን።

ከሌላው ኃጢአት ሁሉ ይብሳል?

አባቶች ከባድ ኃጢአት ይሉታል። እኔም ላቀልለው አልፈልግም። ከባድ ማለት ግን ምሕረት የሌለው ማለት አይደለም። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንሰማለን። ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ተማረ። እንባችንን እየጠረግን «አቤት ቸርነትህ!» እንላለን። ከቅጥሩ ወጥተን ደግሞ ስለ አንድ የሰፈር ልጅ «እሱማ አይማርም» እንላለን። እንዴት አንደበታችን እሺ ይለናል?

ስሜቱ ራሱ ኃጢአት ነው?

አባቶቻችን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ይሠራል ይላሉ፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ ማለት ነው። ስለዚህ ሐሳብም ኃጢአት ሊሆን ይችላል። ግን በር ያንኳኳ ሐሳብና አስገብተህ፣ ወንበር ስበህ፣ ቡና ያፈላህለት ሐሳብ አንድ አይደሉም። ያዕቆብ 1፥14-15 ምኞት ከፀነሰች በኋላ ኃጢአትን እንደምትወልድ ይናገራል። ሳትጠራው መጥቶ የሚፈትንህ ነገር ፈተና ነው። በፈተናው የምታደርገው ነገር ነው የሚያስጠይቅህ።

ይህን ልዩነት ያልነገርናቸው ልጆች ሳይወድቁ እንደወደቁ ቆጥረው ይኖራሉ። ምንም ሳያደርጉ ከቅዳሴ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ያስቀራቸው ኃጢአት አልነበረም፣ የእኛ ዝምታ ነው።

እግዚአብሔር ይጠላኛል?

ይሄ ጥያቄ የደረሰኝ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ሙቀቱ ከባድ ነበር። የአዳራሹ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። ጥያቄ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ከሳጥኑ እያወጣሁ አነባለሁ። አንዷ ተጣጥፋ ተጣጥፋ ጥፍር አክላለች። ስፈታት በእርሳስ የተጻፈች ናት። ተጽፎ ተሰርዟል፣ እንደገና ተጽፎ ተሰርዟል። መጨረሻ ላይ የተረፈው ሁለት ቃል ነበር፦ «እግዚአብሔር ይጠላኛል?» ከሥር ደግሞ በጣም ትንሽ ጽሑፍ፦ «ወንዶች ነው የምወደው።» ጮክ ብዬ ማንበብ አቃተኝ። ወረቀቷን ኪሴ ከተትኩና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የዚያ ልጅ ዓይን የእኔን እጅ ይከተል ነበር፤ ወረቀቱ ኪሴ ሲገባ አይቷል።

ስለዚህ መልሴን እዚህ ልጻፈው። አይጠላህም። ስትወለድም አልጠላህም፣ ያንን ወረቀት ስትጽፍም አልጠላህም። ኃጢአትን ይጠላል፤ የሚጠላውም አንተን ስለሚጎዳ ነው። የጠፋውን በግ ሊፈልግ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የወጣው እሱ ነው። በዝሙት የተያዘችውን ሴት በድንጋይ ሊወግሯት ሲያመጧት መጀመሪያ ከሳሾቿን አሰናበተ። ከዚያ «እኔም አልፈርድብሽም» አላት። «ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» ያላት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን አስተውል። እኛ ብዙ ጊዜ ገልብጠን እንናገረዋለን።

መሞት የሚያምርህ ከሆነ ደግሞ ማታውን አትጠብቅ። አሁን ለአንድ ለምታምነው ሰው ንገር፣ ወይም ቅርብህ ያለ ሆስፒታል ሂድ። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

በልጅነቴ በሰው የተደረገብኝ ነው። እኔም ኃጢአተኛ ነኝ?

አይደለህም። አይደለሽም። በግድ ወይም በማታለል የተደረገብህ ነገር የአድራጊው ኃጢአትና ወንጀል ነው። ለዚህ ንስሐ ግባ የሚልህ ሰው ካለ ተሳስቷል። ወላጆች ደግሞ እባካችሁ፣ እንዲህ ያለውን ነገር «ስማችን እንዳይጠፋ» ብላችሁ በሽምግልና አትዝጉት። ልጁን ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ለፖሊስ አመልክቱ።

ለንስሐ አባቴ ብናገር ያወሩብኛል?

አያወሩም። ካህን በንስሐ የሰማውን ማውጣት በቀኖና የተከለከለ ነው። የሰማውን ይዞ ነው መቃብር የሚወርደው። ብዙዎች የሚፈሩት ግን ወሬውን ሳይሆን የአባን ፊት ነው። «ምን ይሉኛል? እንዴት ያዩኛል?» ነው ጭንቁ። ባንተ ሰፈር ያሉት አባት ከቤተሰብህ ጋር በጣም ቅርብ ከሆኑና አፍህ አልፈታ ካለህ ወደ ሌላ አባት መሄድ ትችላለህ። ድሬ የከበደው ሐረር ይሂድ። ፈረስ መጋላ ያለው መድኃኔዓለም የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ዋናው ብቻህን አለመቅረትህ ነው።

ጸበል ቢጠመቅ ይለቀዋል?

ጸበል በረከት ነው፣ እኔም እጠመቃለሁ። ፈቅዶና አምኖ የሚሄድ ሰው ይሂድ። ግን ሁሉንም ነገር ጋኔን ነው ብሎ ልጅን ማሰር፣ መግረፍ፣ በረሃብ ማቆየት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የለም። «በሰባት ቀን ይለቅሃል» የሚል ቃል ደግሞ ማንም ለማንም ባይገባ እወዳለሁ። በስምንተኛው ቀን ስሜቱ ሲመለስ ልጁ «እኔን እግዚአብሔር አልፈለገኝም» ብሎ ነው የሚደመድመው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ከሁለት ሱባኤ በኋላ ማተቡን በጥሶ አስቀመጠ።

ብናጋባውስ፣ አይስተካከልም?

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሚስት መድኃኒት አይደለችም። እሷም የሰው ልጅ ናት። ሳታውቅ ገብታ ዕድሜዋን «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች የምትኖር ሴት የማን ኃጢአት ናት? ጋብቻ የሚገባው አውቀውና ፈቅደው ነው። የተሸፈነ ነገር ካለ ፈቃዱ ሙሉ አይሆንም።

ልጄ ነገረኝ። ከቤት ላስወጣው?

እናቴ፣ አያስወጡት። ይህን ስል ትምህርቱን ጥዬ አይደለም።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ሌሊቱን ከሚወጡት ጋር እየወጣሁ ነበር። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። የድሬ ሰው ደግሞ ብርድ አያውቅም። አጠገቤ አንዲት እናት ለስለት የያዙትን ጃንጥላ እንደ ሕፃን ታቅፈው ይራመዳሉ። ወሬ ጀመርን። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። አባትየው ስሙ በቤቱ እንዳይነሳ ብለዋል። «ምን ብለው ተሳሉ?» አልኳቸው። የልጃቸው ጠባይ እንዲለወጥ ይሉኛል ብዬ ነበር። «እንዲመለስልኝ ብቻ» አሉኝ። «ሌላውን እሱ ያውቃል። እኔ በልቶ ይሆን፣ አድሮ ይሆን የሚለው ነው የገደለኝ።» ከዚያ ወዲህ ሉቃስ 15ን ሳነብ እኚያ እናት ትዝ ይሉኛል። አባትየው ልጁን ገና ሩቅ ሳለ ነው ያየው። ሩቅ ሳለ ያየው መንገዱን ሲያይ ስለኖረ ነው።

ከቤት የወጣ ልጅ የት እንደሚያድር ያስቡ። ማን እንደሚያስጠጋው፣ በምን ዋጋ እንደሚያስጠጋው ያስቡ። ቤት ያለ ልጅ ቢያንስ ጸሎትዎን ይሰማል። የሚያምኑትን ነገር ይንገሩት፣ አንድ ጊዜ፣ በእርጋታ። ከዚያ ምሳውን ያቅርቡለት። እርስዎም ብቻዎን አይሸከሙት፤ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ለጎረቤት ግን አይንገሩ።

እንደዚህ ነው የሚባል ሰው ሰፈራችን አለ። ምን እናድርግ?

«ነው የሚባል» ካልክ በወሬ ነው የምታውቀው። ወሬውን አንተ ጋ አቁመው። ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ መለጠፍ፣ ስልኩን መበርበር፣ በር ላይ መጮኽ ወንጌልን ማገልገል አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ያንን የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ሕጉ ለሰፈር ወጣት ዱላ አልሰጠውም። መደብደብም፣ «ካልከፈልከኝ አወራብሃለሁ» ብሎ ማስፈራራትም ራሳቸው ወንጀል ናቸው። በእግዚአብሔር ፊት ደግሞ ግፍ ናቸው።

ሙሴ ጸሊም ኢትዮጵያዊ ነው፣ ሽፍታ የነበረ። በኋላ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ መንኖ ታላቅ አባት ሆነ። ስንክሳር ሰኔ 24 ቀን ያስበዋል። አንድ ወንድም አጥፍቶ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሙሴን ጠሩት። አልመጣም። ደግመው ላኩበት። ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈስሳል። ምንድን ነው ቢሉት፣ «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም። ዛሬ ግን በሌላው ላይ ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ወንድማቸውን ይቅር አሉት። በጋ ላይ የድሬን ደረቅ ወንዝ ደቻቱን የተሻገረ ሰው አሸዋው በጫማው እንዴት እንደሚገባ ያውቃል። ቤቱ ሲደርስ ነው የሚያራግፈው። መንገድ ላይ እያለ ግን መሸከሙንም አያውቅም።

በቅዳሴ ላይ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እንላለን። የመጨረሻዋን «ነ» አስተውሏት። «ማረን» ነው የምንለው። «ማረው» አንልም።

ውጭ አገር የሚባርኩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የቱ ነው ትክክል?

አሉ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ተቀብላለች። የኢትዮጵያ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ምክንያት በ2005 ዓ.ም. ከእሷና ከአሜሪካ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣለች። የረጅም ዘመን አጋሮች ነበሩና ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሮም ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ካህናት እንዲህ ያሉ ጥንዶችን እንዲባርኩ ፈቀደች፤ ጋብቻ ግን በወንድና በሴት መካከል ብቻ ነው የሚለውን ትምህርቷን አልቀየረችም። አብዛኞቹ የአፍሪካ ጳጳሳት ቡራኬውን አልተቀበሉትም።

የሚፈቅዱት ወገኖች ክርክር አላቸው። ጳውሎስ የተናገረው በዘመኑ ስለነበረው ብዝበዛና የጣዖት ዝሙት ነው፣ ዛሬ በፍቅርና በታማኝነት ስለሚኖሩ ሁለት ሰዎች አይደለም ይላሉ። ክርክሩን አንብቤዋለሁ። አላሳመነኝም። የማቴዎስ 19 ቃል ብዝበዛን ሳይሆን ፍጥረትን መሠረት አድርጎ የቆመ ነውና። ግን ያንን ያሉትን ሰዎች ሁሉ እግዚአብሔርን የማይፈሩ አድርጌ አልሥላቸውም። ብዙዎቹን ወደዚያ የወሰዳቸው በቤተ ክርስቲያን የተገፉ ልጆች ለቅሶ ነው። እኛ ያንን ለቅሶ ሰምተን ምን መልስ ሰጠን? ትምህርታችንን ጠብቀናል። ልጆቻችንንስ?

ታግዬ፣ ጸልዬ፣ ስሜቱ ዕድሜዬን ሙሉ ባይለቀኝስ?

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። የሚለቃቸው አሉ ይባላል። የማይለቃቸውም አሉ፣ አግኝቻቸዋለሁ። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወሰደለትም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው የተባለው። ስለዚህ ስሜትህ አለመልቀቁ ጸሎትህ አልተሰማም ማለት አይደለም። ብትወድቅም ተነስ። ንስሐ ገብተህ፣ ቀኖናህን ፈጽመህ ወደ ቅዱስ ቁርባን የምትመለስበት መንገድ ለሁላችንም አንድ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሳያገባ በንጽሕና የሚኖርን ሰው እንደ ጎደሎ አትቆጥርም። በሐዋርያት ሥራ 8 የተጠመቀው የእኛው አገር ሰው ጃንደረባ ነበር። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረው ኢሳይያስ 53ን ነው። ሦስት ምዕራፍ አልፎ ቢያነብ ስለ ራሱ የተጻፈውን ያገኝ ነበር። ጃንደረባ «እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» አይበል ይላል፤ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጠዋለሁ ይላል። እኔ ምናልባት ቤቱ ሲደርስ አንብቦታል ብዬ አስባለሁ።

ግን ለዚህ ልጅ «በንጽሕና ኑር» ብለን ብቻ መሸኘት አይበቃም። ብቸኝነቱን ማን ይጋራዋል? ሲታመም ማን ሾርባ ይወስድለታል? ከእሱ እኩል የሆኑት አግብተው፣ ወልደው፣ ክርስትና ሲያስነሱ እሱ ጥግ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። እኛ ቤተሰብ ካልሆንነው የጫንበትን ሸክም ራሳችን በጣት እንኳ አልነካነውም። ከሰንበት ትምህርት ቤታችሁ እንዲህ ብቻውን የሚኖር ልጅ ካለ ምክንያቱን አትጠይቁት። ለፋሲካ ማን ጋ እንደሚፈስክ ጠይቁትና ቤታችሁ ውሰዱት።